የነጥቦችን ትራያንጉሌሽን ሁሉ በብዙ ኮር እንዴት መዘርዘር ይቻላል

ደብረ ብርሃንን፣ አንኮበርን፣ ደብረ ሲናን፣ ሸዋ ሮቢትን፣ አጣዬንና መሐል ሜዳን በወረቀት ላይ በነጥብ አስቀምጡ። ከዚያ እርስ በርስ ሳይቆራረጡ የሚሰመሩትን መስመሮች ሁሉ አስምሩ። ሌላ መስመር የማይገባበት ላይ ስትደርሱ ቦታው በሦስት ማዕዘኖች ተሸፍኗል፤ ይህ አንድ ትራያንጉሌሽን ነው። እዚህ የምንሠራው ከተሰጡ ነጥቦች የሚወጡትን ሁሉ፣ በብዙ ኮር (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ጎን ለጎን በሚሠሩ ክፍሎች) ሳይደግም ሳይዘል የሚዘረዝር ፕሮግራም ነው። ብዛታቸውን ብቻ ከፈለጋችሁ ግን አትድከሙ፤ የአልቫሬዝና የዛይድል የ2013 ዘዴ ሳይዘረዝር ይቆጥራል።

1. ነጥቦቹን አዘጋጁ። ቁጥር ስጧቸው፤ ኮኦርዲኔቱ ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ይሁን። የአስርዮሽ ሂሳብ (ፍሎት) እዚህ ቦታ የለውም። አራት ነጥቦች በአንድ ክብ ላይ መሆናቸውን የሚለየው ዲተርሚናንት (ዓምዶቹ የሦስቱ ነጥቦች ከአራተኛው ያላቸው የሁለቱ ኮኦርዲኔት ልዩነቶችና የካሬዎቻቸው ድምር ናቸው) የልዩነቶችን አራተኛ ፓወር እስከ 12 እጥፍ ያደርሳል። ስለዚህ 64 ቢት የሚበቃው በነጥቦቹ መካከል ያለው ልዩነት ከ29,000 ሲያንስ ነው። ከደብረ ብርሃን እስከ አጣዬ ወደ ሰሜን ብቻ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ በሜትር ከሠራችሁ ይሞላል፤ ምልክቱ ይገለበጣል፣ ፕሮግራሙም ምንም ስህተት ሳያሳይ የተሳሳተ ቁጥር ያወጣል። 128 ቢት ተጠቀሙ።

2. ፍሊፕ። ሁለት ሦስት ማዕዘኖች የሚጋሩትን መስመር አውጥታችሁ በሌላኛው ዲያጎናል መተካት ነው። ደብረ ብርሃን፣ አንኮበር፣ ደብረ ሲናና መሐል ሜዳ ኮንቬክስ የሆነ (ወደ ውስጥ የገባ ጫፍ የሌለው) አራት ማዕዘን ይሠራሉ፤ የደብረ ብርሃን–ደብረ ሲና መስመር በአንኮበር–መሐል ሜዳ ሊተካ ይችላል። አንዱ ማዕዘን 180 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ፍሊፕ የለም። በጠፍጣፋ ወለል ላይ በፍሊፕ ብቻ ከየትኛውም ወደ የትኛውም ትራያንጉሌሽን እንደሚደረስ ላውሰን በ1972 አሳይቷል። በከፍተኛ ዳይሜንሽን (ከጠፍጣፋ ወለል ባለፈ) ግን ይህ ላይሠራ ይችላል።

3 እና 4. ወላጅና እኩልነት። የጎበኛችሁትን ሁሉ ሜሞሪ ውስጥ ማስቀመጥ አያዋጣም፤ ኮንቬክስ የሆኑ 18 ነጥቦች ብቻ 35,357,670 አላቸው። የአቪስና የፉኩዳ ሪቨርስ ሰርች (የጎበኘውን ሳያስቀምጥ ዛፍ የሚዞር ዘዴ) ይሻላል። ትራያንጉሌሽኖቹ እንደ ዛፍ ይያያዛሉ። ሥሩ ዴሎኔ ትራያንጉሌሽን ነው፤ ሕጉም በየሦስት ማዕዘኑ ጫፎች በሚያልፈው ክብ ውስጥ ሌላ ነጥብ አይግባ የሚል ነው፤ ይህን የሚለየው የደረጃ 1 ዲተርሚናንት ነው። ለሌላው ሁሉ፣ የዴሎኔን ሕግ ከሚጥሱት መስመሮች በቁጥር ቅደም ተከተል የመጀመሪያውን ፍሊፕ አድርጉ፤ የሚገኘው ወላጁ ነው። ልጆችን ለማግኘት እያንዳንዱን ፍሊፕ ሞክሩና የአዲሱ ወላጅ እናንተ ያላችሁበት መሆኑን አጣሩ፤ ካልሆነ ጣሉት።

ብዙ ሰው የሚወድቀው ዲተርሚናንቱ ዜሮ ሲሆን፣ ማለትም አራት ነጥቦች በአንድ ክብ ላይ ሲውሉ ነው። ዜሮን "ሕግ አልጣሰም" ካላችሁ ወላጅ የሌላቸው ብዙ ሥሮች ይፈጠራሉ፤ የምትዘረዝሩት የአንዱን ዛፍ ብቻ ስለሆነ ቁጥሩ ያንሳል። "ጥሷል" ካላችሁ ደግሞ ፕሮግራሙ በሁለት ትራያንጉሌሽኖች መካከል ማለቂያ የሌለው ዙር ውስጥ ይገባል። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ነጥብ አንድ የዘፈቀደ ትልቅ ኢንቲጀር መስጠት ነው። ዲተርሚናንቱ ዜሮ ሲመጣ የካሬዎቹን ድምር ዓምድ በእነዚህ ቁጥሮች ልዩነት ተክታችሁ እንደገና አስሉና በምልክቱ ፍረዱ። ቁጥሮቹ አንዴ ይውጡና ለሁሉም ፕሮሰስ (በየኮሩ ለሚሠራው የፕሮግራሙ ቅጂ) ይታደሉ። እያንዳንዱ ፕሮሰስ የራሱን ካወጣ ዛፎቹ ይለያያሉ፤ አንዳንዱ ትራያንጉሌሽን ሁለቴ ይቆጠራል፣ አንዳንዱም ይቀራል።

5. ሥራውን ማከፋፈል። የሥሩን ልጆች ለኮሮቹ አከፋፍሎ መተው የመጀመሪያው ሐሳብ ነው፤ ግን አይሠራም። ቅርንጫፎቹ እጅግ ስለሚበላለጡ አንዱ ኮር ሲለፋ ሌሎቹ ሥራ ፈተው ይቀመጣሉ። ይልቅ እንደ ደቦ አድርጉት፦ አንድ የጋራ ወረፋ ይኑር፣ እያንዳንዱ ፕሮሰስ አንድ የዛፍ ክፍል ከበጀት ጋር ይውሰድ፤ በ5,000 ትራያንጉሌሽን ጀምሩ። በጀቱ ሲያልቅ ወደ ታች መውረድ ያቆማል፤ በመንገዱ ላይ ያልገባባቸውን ልጆች ወደ ወረፋው ይመልሳል። ወረፋው ከኮሮቹ ቁጥር ሲያንስ በጀቱን ቀንሱ፣ ሲረዝም ጨምሩ፤ አለዚያ ጊዜው በመልእክት ልውውጥ ያልቃል። የሚላከው የውስጥ መስመሮቹ ዝርዝር ብቻ ይሁን።

የተመለሰውን ልጅ የሚቆጥረው የሚረከበው ነው፤ መላሹም ከቆጠረው ድምሩ ያብጣል።

መብራት በድንገት የሚጠፋበት ቦታ ከሆናችሁ ወረፋውን፣ በእጅ ያሉትን ሥራዎችና ድምሩን በየጥቂት ደቂቃው ወደ ፋይል ጻፉ። ድምሩ ላይ የሚጨመረው ሥራው ተጠናቆ ሲመለስ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ በእጅ የነበረው እንደገና ቢሠራም ድግግሞሽ አይኖርም። መጀመሪያ በጊዜያዊ ስም ጽፋችሁ ከዚያ ስሙን ቀይሩ፤ ግማሹ ብቻ የተጻፈ ፋይል ጨርሶ ፋይል ካለመኖሩ ይብሳል።

6. ፈተና። ነጥቦቹን (1፣1)፣ (2፣4)፣ (3፣9) እያላችሁ በፓራቦላ ላይ አስቀምጡ፤ ሁሉም ኮንቬክስ ናቸው፣ አራቱም በአንድ ክብ ላይ አይውሉም። 6 ነጥብ 14፣ 10 ነጥብ 1,430፣ 12 ነጥብ 16,796 መስጠት አለበት። ቀጥሎ ከ-3 እስከ 3 ባለው ሞክሩ። በፓራቦላው ላይ አራት ነጥቦች በአንድ ክብ ላይ የሚውሉት የመጀመሪያ ቁጥሮቻቸው ድምር ዜሮ ሲሆን ስለሆነ ዜሮው እዚህ ይመጣል። መልሱ 42 ነው፤ ካነሰ ወደ ደረጃ 4 ተመለሱ። በ1 ኮርና በ8 ኮር የወጣው ከተለያየ ግን ችግሩ ያለው ደረጃ 5 ላይ ነው።

ሁሉንም ራሳችሁ መጻፍ ካልፈለጋችሁ በ2018 የወጣው ኤምፒቶፕኮም (mptopcom) የተባለው ፕሮግራም ይህንኑ ሐሳብ ለከፍተኛ ዳይሜንሽን ይሠራበታል።