ከትንሽ ልጅ ጋር ስለ ኢየሱስና ስለ መዳን እንዴት እናውራ (ሳናስፈራራ)

ልጄ አምስት አመቱ እያለ አንዲት የሰፈራችን እናት አርፈው ለቅሶ ደርሰን ስንመለስ "ማሚ፣ እማማ የት ሄዱ?" አለኝ። እኔም ይሄ እድል አያምልጠኝ ብዬ ስለ ሞት፣ ስለ ሰማይ፣ ስለ ገሃነም እሳት በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት፣ ጌታን ካልተቀበልክ እዛ ነው የምትገባው ስለው አይኑ ፈጠጠ፣ ወዲያው "እቀበላለሁ" አለ፣ ተንበርክከን ጸለይን፣ ደስ ብሎኝ ለባለቤቴ ሁሉ ደወልኩለት። ከዛ በኋላ ግን ሶስት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ "ማሚ እንደገና እንጸልይ፣ ምናልባት አልሰራ ይሆናል" እያለ ያለቅሳል። መብራት ሲጠፋ ይጮሃል፣ ትቶት የነበረውን አልጋ ላይ መሽናት እንደገና ጀመረ። ልጄ ያወቀው እሳቱን ነበር፣ ኢየሱስን ገና አላወቀውም።

አሁን ስምንት አመቱ ነው፣ ከሱ በታች አራት አመት የሆናት እህቱ አለች፣ ከሷ ጋር በሌላ መንገድ ነው የሄድኩት። እኔ ወንጌላዊት አማኝ ነኝ፣ የምጽፈውም ከዛ ነው። በመካነ ኢየሱስ ህጻናት ይጠመቃሉ፣ በሌሎቻችን ዘንድ ደግሞ ይባረኩና አድገው ራሳቸው ሲያምኑ ይጠመቃሉ፣ ስለዚህ የጥምቀቱን ነገር በየቤተክርስቲያናችሁ ጠይቁ። ማታ አልጋ ላይ የሚወራው ግን ብዙም አይለያይም።

1. ቃላችሁን አስተካክሉ

እኛ በለመድነው ቋንቋ ነው የምናወራቸው። ልጄን "ድነሃል?" ስለው "አዎ፣ ሳሉ ለቆኛል" ብሎኛል፣ እውነቱን ነው፣ እሱ የሚያውቀው መዳን ከጉንፋን መዳን ነው። "ጌታን ተቀበል" ስንል ደግሞ በሁለት እጅ ተቀበል ብለን ያስተማርነው ልጅ እጁን ይዘረጋል። ትንሿ "ኢየሱስ ልቤ ውስጥ ከገባ ስበላ ምግቡ አይወድቅበትም?" ብላ ጠይቃኛለች። በዚህ እድሜ ሁሉን ነገር እንደተባለው ነው የሚወስዱት።

እኔን የረዳኝ እራሱ አማርኛችን ነው። ልጅ ሲሳሳት "አጠፋሁ" ይላል፣ ገበያ መሀል የእናቱን እጅ ሲለቅ ደግሞ "ጠፋሁ" ይላል። ሁለቱንም በደንብ ያውቃቸዋል፣ ሁለቱንም ፈርቶ ያውቃል። ስለዚህ ሀጢያትን "ማጥፋት" ብዬ፣ መዳንን ደግሞ "ጠፍቶ መገኘት" ብዬ ነው የምጀምረው። ዮሐንስ 3፡16 ላይ እራሱ "እንዳይጠፋ" ይላል አይደል? "ሰው ሲያጠፋ ከእግዚአብሔር ይጠፋል፣ ኢየሱስ ደግሞ የጠፋውን ሊፈልግ መጣ" ስላት ልጄ ሌላ ማብራሪያ አልፈለገችም።

2. ሰአትና ቦታ

ዘዳግም 6፡7 ቃሉን ለልጆችህ አስተምር፣ ቤት ስትቀመጥ፣ መንገድ ስትሄድ፣ ስትተኛ፣ ስትነሳ ይላል፣ ከዚህ የተሻለ ፕሮግራም አላገኘሁም። ታክሲ ሰልፍ ላይ አምስት ደቂቃ፣ ማታ አልጋ ላይ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ስልኩን ራቅ አርጉት።

3. ታሪክ ንገሯቸው፣ ግን ከራሳችሁ አፍ

የዩቲዩብ ካርቱን ቢያዩ አልከለክልም፣ ነገር ግን ልጅ መሀል ላይ "ለምን?" ሲል ቪዲዮው አይመልስለትም። የ1954ቱን የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ቀጥታ ካነበባችሁላቸው ደግሞ ግማሹ አይገባቸውም፣ ቀድማችሁ አንብቡትና በራሳችሁ አማርኛ ተርኩላቸው። በሉቃስ 15 ጀምሩ፣ ከመቶው አንዷ በግ ጠፍታ እረኛው ዘጠና ዘጠኙን ትቶ ሲፈልጋት፣ አባትየው የጠፋ ልጁን ከሩቅ አይቶ ሲሮጥ። ከዛ ዘኬዎስ ሾላ ላይ ሲወጣ። ሾላ የማያውቅ የኮንዶሚኒየም ልጅ ከሆነ አንድ ቀን ወስዳችሁ ዛፉን አሳዩት።

4. "ኢየሱስ ለምን ሞተ?" (ከባዱ እዚህ ጋር ነው)

እዚህም አንዴ ወድቄያለሁ። ለፋሲካ በግ ገዝተን ሁለት ቀን ታስሮ ልጄ ሳር ሲያበላው ነበር፣ ከታረደ በኋላ እኔ "ኢየሱስም የእግዚአብሔር በግ ነው፣ እንደዚህ ነው የሞተልን" አልኩት። ስጋውን አልበላም፣ ማታ ላይ "እግዚአብሔር የራሱን ልጅ አረደው?" ብሎ ጠየቀኝ፣ ምን ልበለው? የነገርኩት እውነት ነበር፣ ግን ለአምስት አመት ልጅ ደሙን ካስቀደማችሁ የሚታየው የተቆጣ አባት ቢላ ይዞ ነው። ዮሐንስ 10፡18 ላይ ኢየሱስ ነፍሱን በፈቃዱ እንደሚሰጥ፣ ማንም እንደማይወስድበት ይናገራል፣ እሱን ነበር ቀድሜ መንገር የነበረብኝ። ትንሽ ልጅ ካላችሁ የበጉን ነገር ትንሽ ከፍ እስኪሉ አቆዩት።

መንገዱን ያገኘሁት በጀበና ነው። ቡና ልናፈላ ከጎረቤት የተዋስነውን ጀበና ልጄ በኳስ መትቶ አንገቱን ሰበረው፣ ስብርባሪውን ሶፋ ስር ደብቆ "ድመት ናት" አለ። ያን ቀን አልመታሁትም። ሾላ ገበያ ይዤው ሄድኩ፣ አዲስ ጀበና በኔ ብር ገዛን፣ እሱ ተሸክሞት መጣ፣ ያልተሟሸ ጀበና ለሰው አይሰጥምና ሁለት ቀን አሟሸነው፣ ከዛ አብረን ሄደን መለስንላቸው፣ እሱም ይቅርታ አላቸው። ደረጃውን ስንወርድ "ማሚ፣ እኔ ሰብሬ አንቺ ለምን ከፈልሽ?" አለኝ።

"አንተ ብር የለህም፣ እሳቸው ደግሞ ጀበናቸው መመለስ አለበት፣ ልጄ ስለሆንክ እኔ ከፈልኩ" አልኩት። ትንሽ ቆይቼ "ኢየሱስም ለኛ እንዲህ ነው ያረገው" ብዬ ዝም አልኩ።

ዝም ማለቱ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንሳሳተው። ልጁ ፊቱ ላይ መግባቱን ስናይ ቶሎ ብለን ስብከት እንጨምርበታለን፣ ስንጨምርበት ደግሞ የራሱ የነበረው ሀሳብ የኛ ይሆንና ይተወዋል። ዝም ስላልኩት ከሶስት ቀን በኋላ ራሱ "ኢየሱስ ስንት ብር ከፈለ?" ብሎ መጣ። ብር እንዳልሆነ፣ ራሱን እንደሰጠ ነገርኩት፣ ያኔ መስቀሉን ያለ ፍርሃት ሰማ። አንድ ነገር ብቻ፣ ስለ መስቀሉ ባወራችሁበት ምሽት በሶስተኛው ቀን መነሳቱንም እዛው ንገሩ። "የቀረውን ነገ" ካላችሁ ልጁ ኢየሱስ እንደሞተ ይተኛል።

5 እና 6. ስለ ቀለም አምባርና ስለ ጸሎቱ

ጥቁር ለሀጢያት፣ ቀይ ለደም፣ ነጭ ለንጹህ ልብ የሚሉ የዶቃ አምባሮች አሉ። እኔ ጥቁሩን አልወደውም። ጠቆር ያለች ልጅ ክንዷን አይታ ምን ትበል? ይሄ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1866 ሰባኪው ስፐርጅን ለንደን ላይ በሶስት ቀለም ሰብኮበት፣ ሌሎቹ ቀለሞች በኋላ የተጨመሩበት ዘዴ ነው፣ መቀየር ይቻላል። ጥቁሩን ዶቃ አውጥታችሁ በክር ቋጠሮ ተኩት፣ የተቋጠረ ነገር እንደሚፈታ ልጅ ያውቃል።

ጸሎቱን አታስቸኩሉ። በአንድ የልጆች ፕሮግራም ላይ "ገነት መግባት የሚፈልግ እጁን ያውጣ" ተብሎ ላወጣ ሁሉ ከረሜላ ሲታደል አይቻለሁ፣ እጁን የማያወጣ ልጅ ማን ነው? ልጁ ራሱ "ለኢየሱስ መናገር እፈልጋለሁ" ሲል በራሱ ቃል ይናገር፣ አትምሩት። የትንሿ ጸሎት "ኢየሱስ፣ አጥፍቻለሁ፣ ፈልገኝ" ነበር፣ አንድ ቃል አልጨመርኩባትም። ሲጸልይ ደስ ይበላችሁ፣ ግን እሁድ መድረክ ላይ አታቁሙት፣ ሰው ሲያጨበጭብለት ለማን እንደጸለየ ይረሳል።

7. ስለ እሳቱ ከጠየቁ

አትዋሹ፣ ግን አስፋፍታችሁም አትሳሉት። እኔ ልጄን ያረጋጋሁት አስፓልት ስንሻገር ነው። "እጄን የያዝከኝ አንተ ነህ ወይስ የያዝኩህ እኔ?" አልኩት፣ አይቶ "አንቺ" አለ። "አንተ ጣትህን ብትለቅስ?" "አንቺ ይዘሽኛል።" ዮሐንስ 10፡28 ላይ ኢየሱስ በጎቹን ከእጄ ማንም አይነጥቃቸውም ያለው ይሄንኑ ነው አልኩት። ጸሎቱ ሰራ አልሰራ የሚለው ጥያቄ ከዛ ቀን ጀምሮ ቀነሰ።

8. ቤተሰብ ሲለያይ

እናቴ ኦርቶዶክስ ናት፣ ልጆቼን በ40 እና በ80 ቀናቸው ክርስትና አለማንሳቴ እስከ ዛሬ ያዝናታል። ልጄ አንድ ቀን "እምዬ አልዳነችም?" ሲለኝ ደነገጥኩ፣ ከአዋቂዎች ነው የሰማው። "እምዬ ኢየሱስን ትወዳለች፣ ሂድና ስለሱ ጠይቃት" አልኩት፣ ስቅለት ላይ ለምን እንደምትሰግድ እያለቀሰች ነገረችው። በልጅ ፊት የማንንም እምነት አታራክሱ፣ ልጁ የሚሰማው አያቱን እንደሚወስዱበት ነው።

9. እናንተ ስታጠፉ

ልጅ ይቅርታን የሚያውቀው ቤት ውስጥ ሲያየው ነው። በነዛ ሶስት ሳምንታት መጨረሻ አልጋው ላይ ቁጭ ብዬ "እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ያለ ልክ አስፈራራሁህ፣ ኢየሱስ እንደዛ አያስፈራራህም፣ ይቅርታ አርግልኝ" አልኩት። ብዙ አስቦ "እሺ፣ ይቅር ብዬሻለሁ፣ ግን ዛሬ መብራቱን አታጥፊው" አለኝ። እስኪነጋ በርቶ አደረ።