የኋላ ሾክ ሲስተካከል የሚሠሩ ስህተቶች

አስፋልትም ፒስታም የሚሄድ ሞተር የገዛ ሰው ሁሉ ከጥቂት ሳምንት በኋላ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «የኋላው ለስላሳ ሆነብኝ፣ ሞላውን አጥብቅልኝ።»

ትልቁ ስህተት እዚህ ጋ ነው። የመንገዱን ጉብታ የሚውጠውን የኋላ ሾክ በከበበው ሞላ ላይ ያለውን ቀለበት ማጥበቅ ሞላውን አያጠነክረውም። የሞላ ጥንካሬ ከሽቦው ውፍረትና ከጥቅሎቹ ብዛት የሚመጣ ነው፤ በመፍቻ አይለወጥም። ቀለበቱ የሚለውጠው የሞተሩን ቁመት ነው። ሲጠብቅ ኋላው ከፍ ይላል፣ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄድና መሪው ይቅበጠበጣል። ሲላላ ኋላው ይወርዳል፣ ፊቱ ይቀልላል፣ ኩርባ ላይ መሪው አልታዘዝ ይላል። ይህን ስንቴ እንደተናገርኩ! አሁንም ቀለበቱ እስከ ጥግ የጠበቀ ሞተር ይመጣልኛል።

ከደባርቅ ወደ ሳንቃበር ስንወጣ አብሮን የነበረ አንድ ቀጭን ልጅ ሱዙኪ ዲአር 650 ይነዳ ነበር። ጋራዥ ወስዶ ቀለበቱን ጥርቅም አስደርጎታል። ዕቃም አልጫነም። ፒስታው ላይ መኪና የሠራቸው ተከታታይ ጉብታዎች ጋ ስንደርስ የኋላ ጎማው መሬት እየለቀቀ ይዘል ጀመር። ሾኩ ገና ከመነሻው ተወጥሮ ስለቆመ፣ ጎማው ጎድጓዳ ቦታ ሲያገኝ ተከትሎ የሚወርድበት ርቀት አልቀረውም። መንገድ ዳር ቆመን አላላንለት። ከዚያ በኋላ ልጁ ወገቤን አላለም።

ስለዚህ መጀመሪያ ለኩ። የኋላ ጎማው ከመሬት ተነስቶ ተንጠልጥሎ ሳለ፣ ከፐርኖው (ጎማው ከሚዞርበት የመሃል ብረት) ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ፓራፋንጎው ላይ እስከምታደርጉት ምልክት ድረስ ያለውን ርቀት ያዙ። ከዚያ ሄልሜትና ጫማችሁን አድርጋችሁ፣ የምትጭኑትን ዕቃ ጭናችሁ ተቀመጡና ሌላ ሰው እንደገና ይለካላችሁ። የሁለቱ ልዩነት ሳግ ነው። ጎማው በጠቅላላ ከሚጓዘው ርቀት ሲሶ ያህል መሆን አለበት። የዲአር 650 የኋላ ጎማ 260 ሚሊ ሜትር ይጓዛል፤ ስለዚህ ቀለበቱን እያዞራችሁ 85 ገደማ ፈልጉ።

እሱ ሲገኝ ወርዳችሁ ሞተሩን ብቻውን ለኩት። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ሞተሩ በራሱ ክብደት ትንሽ መውረድ አለበት። ምንም ካልወረደ ሞላው ለእናንተ ክብደት ለስላሳ ነው ማለት ነው፤ ከልክ በላይ አጥብቃችሁ ነው ሲሶው ላይ ያደረሳችሁት። በጣም ከወረደ ደግሞ ሞላው ጠንካራ ነው። በሁለቱም መፍትሔው ሌላ ሞላ መግዛት ነው። ውድ ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን ቀለበት በማዞር የሚተካ አይደለም።

ቀለበቱን በስካርፔሎና በመዶሻ አትምቱት። ጥርሱን በብሩሽና በዘይት አጽዱ፣ መቆለፊያውን አላሉ፣ በትክክለኛው መፍቻ አዙሩ።

የሾኩን አመላለስ፣ ማለትም ከተጨመቀ በኋላ የሚመለስበትን ፍጥነት፣ የምታስተካክለዋን ብሎን በተመለከተ፦ መጀመሪያ በቀስታ እስክትዘጋ አዙሩና ስንት ጠቅታ እንደነበረች ጻፉ፤ ከዚያ ወደ ነበረችበት መልሷት። አስገድዳችሁ አታጥብቋት፣ ውስጥ ያለው መርፌ ይበላሻል። ጉብታ አልፋችሁ ኋላው ወደ ላይ ከወረወራችሁ አመላለሱ ፈጥኗል፣ ዝጉ። ጉብታ በጉብታ ላይ ሲደራረብ ኋላው እየሰመጠ ከደረቀ ደግሞ ዘግይቷል፣ ክፈቱ። አንድ ወይም ሁለት ጠቅታ ብቻ ለውጡና ያንኑ መንገድ ድገሙት። ሁለት ነገር በአንዴ የሚለውጥ ሰው የትኛው እንደሠራለት አያውቅም።

የጎማ ንፋስ ሳያዩ ሾክ መንካት ጊዜ ማባከን ነው።

ካቴናውን እንደገና እዩት። የፊት ጥርሱ፣ የኋላ ክንዱ ማጠፊያና ፐርኖው አንድ መስመር ላይ ሲውሉ ነው ካቴናው በጣም የሚወጠረው። ሳጉ ሲለወጥ ሞተሩ ቆሞ የምታዩት ልልነትም ይለወጣል።

የናይትሮጅን ጣሳ ያለውን ሾክ ቤታችሁ አትፍቱ። ውስጡ ያለው ግፊት ሰው ይጎዳል። የሚሞላ መሣሪያ ላለው ባለሙያ ስጡት።

ሁሉን በልኩ አድርጋችሁ ሾኩ አሁንም የሚደርቅባችሁ ከሆነ ከሥሩ ያሉትን መጋጠሚያዎች ፍቱ። ወንዝ የሚሻገር ሞተር ኩሽኔታዎቹ ውስጥ ውሃና አሸዋ ይገባል፣ ግራሶው ያልቃል፣ ይዝጋሉ። አዲስ ግራሶ ሞልታችሁ ግጠሙና ሳጉን ከመጀመሪያው ለኩ፤ የቀድሞው ልኬት ከእንግዲህ አያገለግልም።