ስፓኒሽን በዩኒቨርሲቲ ተምሮ እንጀራ ማድረግ፦ ከየት ይጀመራል?

ስፓኒሽን ሜጀር (ዋና የትምህርት ዘርፌ) አደርጋለሁ ስል እናቴ «ከዚያ በኋላስ ምን ልትሠሪ ነው?» አለችኝ። ያኔ መልስ አልነበረኝም። ዛሬ ሜሪላንድ ውስጥ የሕክምና አስተርጓሚ ነኝ። መንገዱን አሜሪካ ላሉ ተማሪዎች እንደ አካሄዱ ልጻፈው።

1. ከየትኛው ደረጃ እንደምትጀምሩ የሚወስነውን የምደባ ፈተና ያለ ማንም እርዳታ ተፈተኑ። በሰው እርዳታ ከፍ ብትሉ ቤታቸው ስፓኒሽ እየሰሙ ካደጉ ልጆች ጋር ትቀመጣላችሁ። ሆን ብላችሁ ዝቅ ብትሉ ደግሞ ለምታውቁት ነገር ትከፍላላችሁ። ገንዘብ ከጠበበ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት እንደ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ወይም ኖርዘርን ቨርጂኒያ ያለ ኮሙኒቲ ኮሌጅ ተማሩ። ዩኒቨርሲቲው ክሬዲቶቹን እንደሚቀበል ግን አስቀድማችሁ በጽሑፍ አረጋግጡ።

2. ስፓኒሽን ብቻውን አትያዙ። ዲግሪው 120 ገደማ ክሬዲት ሲሆን ሜጀሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 36 ነው የሚወስደው። በተረፈው ላይ ሶሻል ወርክ፣ አካውንቲንግ ወይም መምህርነት ጨምሩበት። ነርሲንግ ለሚያስቡ ኮርሱ ስለሚበዛ ስፓኒሹን ማይነር (ሁለተኛ ዘርፍ) ማድረግ ይሻላል። ቀጣሪ ቶሎ የሚደውለው ስፓኒሽ ለሚችል ነርስ ወይም አካውንታንት ነው።

3. ድምፁን ቶሎ ጨርሱት። «ኤስፓኛ» ውስጥ ያለችው ኛ የእኛው ኛ ናት። አሜሪካውያን ተማሪዎችን የምታስጨንቀው ርም እንግዳ አይደለችም። «ራሰ በራ» ስንል ትላላለች፣ «መብራቱ በራ» ስንል ትጠብቃለች። «ፔሮ» ላልቶ ሲነገር «ግን» ነው፣ ጠብቆ ሲነገር «ውሻ»።

4. ጆሮንና አክብሮትን መማር። ከሁሉ የከበደኝ ይህ ስለሆነ ረዘም አደርገዋለሁ።

ሁለተኛ ዓመት ላይ በስፓኒሽ ትምህርቶቼ በሙሉ ኤ ነበረኝ። በዚያ ተማምኜ አንድ ክሊኒክ ውስጥ በበጎ ፈቃድ ማስተርጎም ጀመርኩ። አንድ ቀን በአያቴ ዕድሜ ያሉ የኤል ሳልቫዶር እናት መጡ። መድኃኒቶቻቸውን የያዘ ፌስታል ጭናቸው ላይ አድርገው በሁለት እጃቸው ይዘውታል። «ኮሞ ኤስታ?» ማለት ሲገባኝ «ኮሞ ኤስታስ?» አልኳቸው። ልዩነቱ አንዲት ስ ናት፤ ግን «እንዴት ነዎት?» በማለት ፈንታ «እንዴት ነሽ?» ማለት ነው። ክፍል ውስጥ ቀን ከሌት የምንለማመደው እርስ በርስ የምንባባልበትን «ቱ»ን (አንተ፣ አንቺ) ስለነበር አፌ የለመደው እሱን ነው። ከዚያ በኋላ ለምጠይቃቸው ሁሉ መልሳቸው «ሲ» (አዎ) ወይም «ኖ» (አይ) ብቻ ሆነ።

ቆይታ አንዲት የሆንዱራስ ሠራተኛ መጥታ «ኡስቴድ» (እርስዎ) እያለች ስታነጋግራቸው ፌስታሉን ፈቱት። ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። አንደኛውን መድኃኒት ስላዞራቸው ካቆሙት ሁለት ሳምንት ሆኗቸው ነበር። ለእኔ አልነገሩኝም። «እርስዎ» እየተባለ በሚኖርበት ቤት አድጌ ይህን አለማሰቤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ የ«ኡስቴድ»ን የግስ አረባብ ከሁሉ በፊት አፋችሁ ላይ አስገቡ። ሰውዬው ራሱ ተዉት እስኪላችሁ ድረስም በእሱ ቆዩ። ኤል ሳልቫዶሮች በመካከላቸው «ቦስ» የሚባል ሌላ የቅርብ አጠራር ስላላቸው «ቱ» ለብዙዎቹ የመጽሐፍ ቋንቋ ይመስላል።

ለጆሮ የጠቀመኝ ልምምድ ቀላል ነው። በየቀኑ አንድ ደቂቃ የሰው ንግግር ቀድቼ ቃል በቃል እጽፋለሁ፣ ያልያዝኩትን መልሼ እሰማለሁ። አንድ የሰፈራችን ጋሼ ብዙ ረዱኝ፤ በደርግ ዘመን ኩባ፣ ኢስላ ዴ ላ ኹቤንቱድ ተልከው ከተማሩት ኢትዮጵያውያን አንዱ ናቸው። እንደ ኩባዎቹ «ሎስ ኒኞስ» (ልጆቹ) የሚለውን «ሎ ኒኞ» ይሉታል። መጽሐፍ ውስጥ የማይጠፋው ስ በሰው አፍ እንደሚጠፋ የገባኝ ከእሳቸው ነው። ዱኦሊንጎ የሚባለው የቋንቋ መማሪያ አፕ ለቃላት ጥሩ ነው፣ ጆሮ ግን አይሰጥም። ድርሰቱን በጉግል ትርጉም የሚሠራ ተማሪ ደግሞ የከፈለበትን ትምህርት ነው የሚጥለው።

ነገሩ እስከ ሕይወት ይደርሳል። በ1980 እ.ኤ.አ. ፍሎሪዳ ውስጥ የኩባ ተወላጅ ቤተሰብ ልጃቸው «ኢንቶክሲካዶ» ነው አሉ፤ የበላው ነገር መርዞት ይሆናል ማለታቸው ነበር። ሐኪሞቹ ግን ቃሉ ከእንግሊዝኛው «ኢንቶክሲኬትድ» ጋር ስለሚመሳሰል ዕፅ ወስዶ ነው ብለው ተረዱት። ልጁ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነበር። የ18 ዓመቱ ወጣት እጅና እግሩ ሽባ ሆነ፣ ካሳውም ወደ 71 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ።

5. ከዲግሪው በተጨማሪ የሙያ ማረጋገጫ ያዙ። የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኝ ሆስፒታል እንግሊዝኛ ለማይችል ሕመምተኛ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ ግዴታው ስለሆነ ሥራው አለ። ቢያንስ 40 ሰዓት የሕክምና አስተርጓሚነት ሥልጠና ውሰዱ፤ ቀጥሎ ሲሲኤችአይ ወይም ኤንቢሲኤምአይ በሚባሉት ድርጅቶች ተፈተኑ። ሁለቱም የስፓኒሽ የቃል ፈተና አላቸው። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አስተርጓሚ ፈተና በጣም ከባድ ነው፤ ጥቂት ዓመት ሳትሠሩ አትሞክሩት። መምህርነት የምትፈልጉ የግዛታችሁን የማስተማር ፈቃድ መስፈርት ሁለተኛ ዓመት ላይ ሆናችሁ አንብቡ፤ ከተመረቁ በኋላ ኮርስ መሙላት ገንዘብም ጊዜም ይበላል።

ወደ አገር ቤት መመለስ ለምታስቡም ስፓኒሽ ከአፍሪካ ኅብረት የሥራ ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ኢኳቶሪያል ጊኒ ውስጥ ኦፊሴላዊ ቋንቋ ነው።

6. አማርኛችሁንም በአስተርጓሚነት አስመዝግቡ። ቤት ውስጥ የምንናገረው ግን አይበቃም፤ ጣፊያንና ቆሽትን ለይታችሁ መጥራት ካልቻላችሁ መጀመሪያ የሰውነት ክፍሎችን ስም በአማርኛ አጥኑ። ሲቪያችሁ ላይ ሦስቱንም ቋንቋዎች ከስማችሁ ቀጥሎ ጻፉ። እኔን ለመጀመሪያ ጊዜ ለቃለ መጠይቅ ያስጠራኝ አማርኛው ነበር፤ የቀጠሩኝ ግን ስፓኒሹም ስለነበረኝ ነው።