ሞትን በሩሲያ የሉቦክ ሥዕሎች ሲያነቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሉቦክ የሚባሉት ሕዝባዊ ሥዕሎች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ መጀመሪያ በእንጨት፣ ኋላም በመዳብ ላይ እየተቀረጹ ይታተሙና በአዟሪ ነጋዴዎች እጅ በርካሽ ይሸጡ ነበር። ሞት በብዙዎቹ ላይ ይታያል፤ አተረጓጎሙ ግን ብዙ ጊዜ ይሳሳታል።

ዋናው ስህተት «አይጦች ድመቱን ሲቀብሩ» የተባለውን ሥዕል በሩሲያው ዛር (ንጉሥ) በታላቁ ጴጥሮስ ቀብር ላይ የተሰነዘረ ሽሙጥ ብቻ አድርጎ መውሰድ ነው። ሥዕሎቹን ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1881 ያሳተሙት ዲሚትሪ ሮቪንስኪ ይህን ትርጉም ሲያራምዱ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ጽሑፉ ድመቱ ሐሙስ ቀን ሞተ ይላል፣ ጴጥሮስም በ1725 ያረፈው ሐሙስ ነበር። «የካዛን ድመት፣ የአስትራካን አእምሮ» የሚለው ማዕረግም በዛሮች የማዕረግ ስም ላይ ይቀልዳል፤ ነገር ግን ካዛንና አስትራካን የተባሉት የግዛት ስሞች በጴጥሮስ አባትም ማዕረግ ውስጥ ነበሩ። ቅጂዎቹን ያመሳከሩ የኋላ ተመራማሪዎች ደግሞ የመጀመሪያውን ቅርጽ ጴጥሮስ በሕይወት ሳለ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተሠራ አድርገው ያዩታል። በእኔ አስተያየት ከሐሙሱ ይልቅ የድመቱን እግሮች ማየት ይሻላል፦ የሞተው ድመት እግሮቹ በገመድ ተጠፍረዋል። ሬሳውን እንኳ ያላመኑት አይጦች ናቸው ቀብሩን የሚያጅቡት፤ ቀልዱም ፍርሃቱም እዚያ ገመድ ላይ ነው።

ሁለተኛው፣ ሥዕሉን አይቶ ጽሑፉን መዝለል ነው። በ«ጦረኛው አኒካና ሞት» ላይ የምትታየው አጽም ብቻዋን ብዙም አትናገርም። ኢየሩሳሌምን አጠፋለሁ ብሎ የፎከረው አኒካ ሞትን ሲያገኛት መጀመሪያ ይዝትባታል፣ ከዚያም ጊዜ እንድትሰጠው ይለምናታል፤ እርሷም እምቢ ትላለች። «ትላለች» ማለቴ ሆን ብዬ ነው፦ በአማርኛ ሞት ይመጣል እንላለን፣ በሩሲያኛ ግን ሞት ሴት ናት፤ በተባዕት የተረጎመ ሰው የንግግሩን ለዛ ያጣዋል።

ሞት ከሰው ጋር የምትከራከርበት ድርሰት በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከጀርመንኛ ስለተተረጎመ ሁሉም የአውሮፓ ግልባጭ ነው ማለትም ያሳስታል፤ አኒካን የለማኝ ዘማሪዎችም በቃል ያወርዱት ነበር።

ከመስመር አልፎ የፈሰሰውን ቀይ ቀለም ደግሞ ደም ነው ብሎ መተርጎም አይገባም። ብዙውን ጊዜ ወረቀቶቹን በእጅ እያጣደፉ የሚቀቡ የመንደር ሴቶች ነበሩ፤ ቀይም የሚገኝ ርካሽ ቀለም ነበር።