ሜዳው ነው የሚያደክመው፦ የሉዋርን ወንዝ በሳይክል ለምትሄዱ

አርብ ማታ ፖስታ ቤት አካባቢ ካለው ቢሯችን ስወጣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደረጃው ላይ ያዘኝ። "ፈረንሳይን በሳይክል ዞርሽ አሉ። እኔ እኮ ሃምሳ ልሞላ ነው፣ የምችለው ይመስልሻል?" አለኝ። እኔ ሃምሳ አንድ ሞልቶኛል። "ቸርችልን በሳይክል የወጣ ሰው ሉዋርን አይፈራም" ብዬው ታክሲዬን ያዝኩ። ቤት ገብቼ ሳስበው ግን የነገርኩት ግማሹን ብቻ ነው። የቀረው ግማሽ ወገቤን ያጎበጠኝ ነው። እሱን ደግሞ ቁጭ ብሎ መጻፍ ይሻላል።

መጀመሪያ መንገዱን እናውራ። ሉዋር የፈረንሳይ ረጅሙ ወንዝ ነው፣ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ። ዳሩን ዳሩን ይዞ ምልክት የተተከለለት የሳይክል መንገድ አለ፤ እስከ አትላንቲክ ውቅያኖስ ድረስ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። አትደንግጡ፣ ሁሉንም ሂዱ የሚላችሁ የለም። እኔ የነዳሁት በብሉዋና በቱር ከተሞች መካከል ነው፤ ወደ ጎን ወጣ ወጣ ያልኩትን ጨምሮ በ5 ቀን 180 ኪሎ ሜትር ያህል። ቤተ መንግሥቶቹ ተደርድረው ያሉት እዚህ ነው። ሸለቆው እ.ኤ.አ. በ2000 በዩኔስኮ ተመዝግቧል።

አሁን ስለ ልምምድ። የኛ ከተማ ሰው ሳይክል የሚነዳው ሽቅብና ቁልቁል ነው። የእሁድ መንገዴ ከለገሃር ይነሳል። ቸርችልን እያለከለክሁ ወጥቼ ማዘጋጃ ቤት፣ ከዚያ ጊዮርጊስ፣ ከዚያ አራት ኪሎ። የኮሪደር ልማቱ የሳይክል መስመር ካመጣ ወዲህ ፒያሳና አራት ኪሎ ላይ ቢያንስ ሚኒባስ ትከሻዬ ላይ አይተነፍስም። ከአራት ኪሎ በኋላ ግን እግሬ ሥራ የለውም። በቤተ መንግሥቱ፣ በሂልተን፣ በአፍሪካ አዳራሽ በኩል ፍሬን እየያዝኩ መስቀል አደባባይ እወርዳለሁ። ልብ በሉ፣ ግማሹን መንገድ ፔዳል አልመታሁም። ቁልቁለቱ ያሳርፈኛል።

ሉዋር ላይ ቁልቁለት የለም። ስለዚህ ዕረፍትም የለም። ፔዳሉን ከተዋችሁት ሳይክሉ ይቆማል፣ በቃ። የመጀመሪያው ቀን 20 ኪሎ ሜትር ስሄድ "ይሄ ነው እንዴ?" ብዬ ስቄ ነበር። በሦስተኛው ቀን እንደ ሰው መቀመጥ አቃተኝ። እግሬን አይደለም ያመመኝ፣ መቀመጫዬን ነው። ሽቅብ ስንወጣ ከኮርቻው ብድግ እንላለን፤ ሜዳ ላይ ግን ሰዓቱን ሙሉ እንደተጎለታችሁ ናችሁ።

ስለዚህ ከመሄዳችሁ ሁለት ወር ቀደም ብላችሁ ዳገቱን ተዉትና ሜዳ ፈልጉ። መሀል ከተማ ውስጥ ለኔ የተመቸኝ ከስታዲየም በለገሃር ወደ ሜክሲኮ የሚወስደው ነው። እሁድ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መኪና ሳይበዛ ወዲያና ወዲህ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ፣ ፔዳል ሳታቆሙ። አሰልቺ ነው። የባቡር ጣቢያው ጥበቃ "እትዬ፣ የጠፋብዎ ነገር አለ?" ብሎኝ ያውቃል። ግን ይሠራል። ውስጡ ስፖንጅ ያለው የሳይክል ቁምጣም ግዙ። ከሥሩ ሌላ የውስጥ ልብስ አይለበስም፣ ስፌቱ ይፈገፍጋል። ይህን የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው በግልጽ የምጽፈው። እኔ ከላይ ሰፊ ቀሚስ ደረብኩበት፣ ማንም ዞር ብሎ አላየኝም።

ትንፋሽ ግን አታስቡ። እኛ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው የምንኖረው፤ ወንዙ ዳር ያለው መንገድ ከባሕር ወለል 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። ሳንባችሁ ሠርግ ይሆንለታል።

ቪዛው ሼንገን ነው። የጉዞ ዋስትናው ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ማስገባት ስለሚቻል ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት። ሳይክል ከዚህ አትጫኑ፣ እዚያው ተከራዩ። እኔ የተከራየሁበት ሱቅ ኮርቻውን ለአንድ ረጅም ሰው እንደተስተካከለ ነው የሰጠኝ። አፍሬ ዝም አልኩ፣ ጉልበቴ ዋጋውን ከፈለ። እናንተ አትፈሩ። ኮርቻው ላይ ተቀምጣችሁ ተረከዛችሁን ታች በወረደው ፔዳል ላይ አድርጉ፤ እግራችሁ ቀጥ ማለት አለበት። ካልሆነ ያስተካክሉላችሁ። ትርፍ ከመነዳሪና መንፊያም ጠይቁ፣ በየመንደሩ ጎሚስታ የለም።

አሁን ደግሞ የተሳሳትኩትን ልንገራችሁ። ከብሉዋ ተነስቼ ወደ ቱር ነዳሁ። በዚያ አገር ነፋሱ የሚበዛው ከምዕራብ ነው፣ ማለትም ፊት ለፊቴ። መንገዱ ብዙ ቦታ የሚሄደው ለጎርፍ መከላከያ በተሠራው ከፍ ያለ የአፈር ግንብ ላይ ስለሆነ የሚከልላችሁ ነገር የለም። አንድ ቀን ከሰዓት ሜዳ ላይ በመጨረሻው ማርሽ፣ እንጦጦ የምወጣ ይመስል ሳዘግም አንዲት ሽማግሌ ገበያ ዘንቢሏን ጭና አልፋኝ ሄደች። ከቱር ጀምራችሁ ብሉዋ ጨርሱ፤ ነፋሱ ከኋላ ይገፋችኋል። ከደከማችሁም ባቡሩ ወንዙን ተከትሎ ነው የሚሄደው፤ የአካባቢው ባቡሮች ሳይክል ይጭናሉ።

ምን እንይ ለሚል፣ ሁሉንም አትዩ። በቀን አንድ ቤተ መንግሥት ይበቃል። ሾሞንን ከታች ከመንገዱ አይቼ አለፍኩ፣ አልቆጨኝም። ቪላንድሪ ለአትክልቱ ነው፤ ጎመንና ቀይ ሥር እንደ ጥልፍ ተተክሎ አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ ሂዱ። አምቧዝ ላይ ግን ቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ ያለችው ትንሽ ጸሎት ቤት አትለፋችሁ። እ.ኤ.አ. በ1519 እዚያው ከተማ ያረፈው ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ መቃብሩ እሷ ውስጥ ነው።

ሻምቦር ግንባታው የተጀመረው በዚያው በ1519 ነው፣ በንጉሥ ፍራንሷ ቀዳማዊ። 440 ክፍል አለው ይባላል፤ እኔ አሥሩን ካየሁ በኋላ መቁጠር አቆምኩ። ደረጃው ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለት ደረጃዎች እንደ ሹሩባ ተገምደው አብረው ይወጣሉ። ቱር የምትኖረው የአክስቴ ልጅ አብራኝ ነበረች። እሷ በአንዱ እኔ በአንዱ ገባን። መሀሉ ላይ ባሉት መስኮቶች በኩል ትታየኛለች፣ ትስቅብኛለች፣ እጇን ታውለበልባለች፤ ግን አንገናኝም። ላይ ስንደርስ ነው የተያያዝነው። ሁለት ጊዜ ደገምነው። የሃምሳ ዓመት ሰዎች ነን፣ እንዳትታዘቡን።

ሸኖንሶ ሼር የሚባል ወንዝ ላይ እንደ ድልድይ የተሠራ ነው። ከአምቧዝ ደርሶ መልስ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጫካም ትንሽ ዳገትም አለበት። ዳገቱን ሳይ ዘመድ ያገኘሁ መሰለኝ። ወንዙን የሚሻገረው አዳራሽ ርዝመቱ 60 ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1940 በኋላ ጀርመን የያዘው ክፍልና ያልያዘው የሚለዩበት መስመር ይህ ወንዝ ነበር፤ ዋናው በር በአንዱ ወገን፣ የአዳራሹ ጫፍ ያለው በር በሌላው። ሰዎች በዚያ በር እያመለጡ ወጥተዋል። በሩ ጋ ቆሜ በ1940 እኛም ጋ ጣልያን እንደነበረ አሰብኩ። አያቴ ያኔ ጉለሌ ልጅ ነበረች።

ምግብ ላይ ተጠንቀቁ። በገጠሩ ሱቅ ከቀኑ ስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ብዙ ጊዜ ዝግ ነው፤ እሁድ ከሰዓት ጭራሽ አታስቡት። ጠዋት ዳቦ ሳትይዙ አትነሱ። እኔ የሄድኩት ነሐሴ ላይ፣ ፍልሰታን እየጾምኩ ነው። ክሩዋሳን ቅቤ አለበት፣ አይሆንም። "ትራዲስዮን" የሚሉት ረጅሙ ዳቦ ግን ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨውና እርሾ ነው። ከቲማቲም ጋር ጥሩ ምሳ ይወጣዋል። በተረፈ ያዳነኝ በሶ ነው። ጠዋት በውሃ ለውሼ ጭብጦውን በላስቲክ ጠቅልዬ ከማንቡሪዮው ፊት ቦርሳ ውስጥ እከታለሁ፤ ሳልወርድ እቆርሳለሁ። በሱቅ ከሚሸጠው የስፖርተኛ ጣፋጭ ይበልጣል፣ ይህን በማንም ፊት እከራከራለሁ። ቋንጣና የሀበሻ ቅቤ ግን እንዳትይዙ። አውሮፓ ኅብረት በሻንጣ ሥጋና የወተት ውጤት ማስገባት ይከለክላል።

ውሃ ካለቀባችሁ የመንደሩን መቃብር ቦታ ፈልጉ። ለአበባው ማጠጫ ቧንቧ አይጠፋም። "ኦ ፖታብል" የሚል ከሆነ ጠጡ፤ "ኖን" የምትል ቃል መሀል ከገባችበት ተዉት።

ጊዜው? ነሐሴ ይሞቃል፣ ሰውም ይበዛል። እንደገና ብሄድ በመስከረም ነው የምሄደው። በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር ሦስተኛ ቅዳሜና እሁድ ላይ የቅርስ ቀን ስለሚከበር በሌላ ጊዜ የሚዘጉ ቦታዎች ይከፈታሉ፣ ብዙዎቹም በነጻ። ችግሩ ልምምዱ ክረምት ላይ መዋሉ ነው፤ ሜክሲኮ ጋ በዝናብ መመላለስ አለባችሁ ማለት ነው።

የመንገድ ሕግ ላይ አንድ ነገር። እንደኛ በቀኝ ነው የሚነዳው፣ ግን ምልክት በሌለበት መጋጠሚያ ከቀኝ የሚመጣው ቅድሚያ አለው። ከጠባብ የመንደር መንገድ ትራክተር ቀጥ ብሎ ሲወጣባችሁ አትሳደቡ፣ ጥፋተኞቹ እናንተ ናችሁ።

የመጨረሻው ቀን ቱር ላይ ሳይክሉን መልሼ ወደ ፓሪስ የሚሄደውን ባቡር ልይዝ ጣቢያውን አጣሁት። ስልኬ ሞቷል፣ የአክስቴ ልጅ ሥራ ገብታለች፣ ፈረንሳይኛዬ ከ"መርሲ" አያልፍም። አንድ ጋዜጣ የያዘ ሰውዬ አስቆምኩና የማውቀውን ቃል አወጣሁ። "ለገሃር?" አልኩት። "አ፣ ላ ጋር!" አለና በጋዜጣው ወደ ግራ አሳየኝ።