የኤሌክትሪክ መኪና ድንገት ኃይል ሲያጣ የምንሠራቸው ስህተቶች

ነዳጅ መኪና ሊቆም ሲል ያስታውቃል። ይንገጫገጫል፣ ድምፁ ይቀየራል። የኤሌክትሪክ መኪና ግን እንዲህ ያለ ምልክት ላይሰጥ ይችላል። ፔዳሉን ትረግጣላችሁ፣ መኪናው ግን አይሰማችሁም። ያኔ ድንጋጤው ራሱ ያሳስታል። አብዛኛው ስህተት የሚመጣው ዳሽቦርዱ ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ ወዲያው መነካካት ሲጀምሩ ነው።

እየተንከባለለ እያለ ማጥፋት

"ላጥፋውና እንደገና ላስነሳው" የሚለው ሐሳብ ቶሎ ይመጣል። መኪናው ሳይቆም ግን በፍጹም አታድርጉት። መሪውን የሚያቀልለው በኤሌክትሪክ የሚሠራ አጋዥ ነው። እሱ ሲጠፋ መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑም ከወትሮው የበለጠ ጉልበት ሊፈልግ ይችላል። የአደጋ መብራቱን አብሩ፣ በቀረው ፍጥነት ቀስ ብላችሁ ዳር ያዙ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

የቀነሰ ኃይልና የተቋረጠ ኃይልን ማምታታት

ለእኔ ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ምክንያቱም ሁለቱ የተለያየ መነሻ አላቸው።

መኪናው እየሄደ ግን ጉልበት ካነሰው፣ ራሱን እየጠበቀ ሊሆን ይችላል። አንዳንዶቹ ላይ የኤሊ ምልክት ይበራል። ባትሪው በጣም ሞቋል፣ በጣም ቀዝቅዟል፣ ወይም ቻርጁ ሊያልቅ ነው። የማቀዝቀዣው ፓምፕ ካልሠራም እንዲሁ ይሆናል። ድካሙ ረጅም ዳገት ከወጣችሁ በኋላ ከመጣና መኪናው አርፎ ሲቀዘቅዝ ጉልበቱ ከተመለሰ፣ መጀመሪያ ማቀዝቀዣውን አስፈትሹ።

ኃይሉ ጭራሽ ከተቋረጠ ግን ኮንታክተሩ ግንኙነቱን ቆርጦ ሊሆን ይችላል። ኮንታክተር ትልቁን ባትሪ ከቀረው የመኪናው ክፍል ጋር የሚያገናኝ ከባድ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። መኪናው ግጭት ካወቀ፣ ወይም ከፍተኛው ኤሌክትሪክ ወደ መኪናው አካል እየሾለከ መሆኑን ካየ፣ ራሱ ሊቆርጠው ይችላል። ከዝናብ ወይም ከመታጠብ በኋላ ኃይሉ ከተቋረጠ ይህን ለባለሙያው ሳትነግሩ አትቅሩ።

ትንሿን ባትሪ መርሳት

የማውቀው ሰው መኪናው ሲቆምበት ትልቁ ባትሪ አለቀልኝ ብሎ ሌሊቱን ሳይተኛ አደረ። ችግሩ ያረጀችው ባለ 12 ቮልት ባትሪ ነበረች።

የኤሌክትሪክ መኪና ይቺን ባትሪ ለምን ይፈልጋል? ኮምፒውተሮቹ፣ የበሩ ቁልፍና መብራቶቹ የሚሠሩት በእሷ ነው። ኮንታክተሩንም አገናኝቶ የሚይዘው ከእሷ መስመር የሚመጣው ኃይል ነው። ስለዚህ የትልቁ ባትሪ ቻርጅ 80 በመቶ ቢሆንም ይቺ ከደከመች መኪናው አይነሳም። መብራቱ ከደበዘዘ፣ የማይገናኙ ማስጠንቀቂያዎች በአንድ ጊዜ ከተደረደሩ፣ መጀመሪያ እሷን ጠርጥሩ።

በቴስተር መለካት ቀላል ነው። የተለመደው የሊድ ባትሪ ከሆነ፣ መኪናው ጠፍቶ ባትሪዋ ካረፈች በኋላ 12.6 ቮልት አካባቢ ካሳየ ሙሉ ናት፤ ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ሆናለች። መኪናው ሲበራ ቁጥሩ ወደ 14 አካባቢ ከፍ ማለት አለበት። ካላለ ከትልቁ ባትሪ ወስዶ እሷን ቻርጅ የሚያደርገው መቀየሪያ ተበላሽቶ ሊሆን ስለሚችል አዲስ ባትሪ መግዛት ብቻውን አያድናችሁም። አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ትንሿንም ሊቲየም አድርገዋታልና የእነሱን ቁጥር ከመመሪያው እዩ።

ፐርሰንቱን እንደ ነዳጅ መለኪያ ማመን

ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ስሌት ነው። ባትሪው ውስጥ ሴል የሚባሉ ብዙ ትናንሽ ባትሪዎች ተደርድረዋል። አንዱ ሴል ከደከመ እሱ ቀድሞ ያልቅና ሌሎቹ ቻርጅ እያላቸው መኪናው ይቆማል። 15 በመቶ ላይ ሆኖ ድንገት ወደ ዜሮ የሚወርድ ከሆነ የሴሎቹን ቮልቴጅ አንድ በአንድ አስለኩ። ባትሪያችሁ ሊቲየም አይረን ፎስፌት (LFP) የሚባለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ መኪናው ቁጥሩን እንዲያስተካክል አምራቹ ባለው ጊዜ ልዩነት እስከ 100 ሙሉት። ያኔ የባትሪው ችግርና የስሌቱ ስህተት ይለያሉ።

ደጋግሞ ማስነሳትና ኮዱን ማጥፋት

ግጭት፣ ጭስ ወይም የማቃጠል ሽታ ከሌለና ማስጠንቀቂያው አትንዱ ካላለ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ አንድ ጊዜ መሞከር ነውር የለውም። አሥር ጊዜ መሞከር ግን ትንሿን ባትሪ ያደክማል። ከመሞከራችሁ በፊት ዳሽቦርዱን በስልክ ፎቶ አንሱት። መኪናው የመዘገበውን የብልሽት ኮድ የሚያነብ መሣሪያ ካላችሁም አንብቡና አስቀምጡ፣ አታጥፉት። ከኮዱ ጋር የዚያች ቅጽበት ፍጥነትና ሙቀት ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል፤ ስታጠፉት አብሮ ይሄዳል።

ብርቱካናማውን ገመድ መንካት

ብርቱካናማው ገመድ የትልቁን ባትሪ ኃይል የሚያስተላልፈው ነው። በውስጡ 400 ገደማ፣ አንዳንዱ ላይ 800 ገደማ ቮልት ያልፋል። ይገድላል። መኪናው ከጠፋ በኋላም የባትሪውን ኃይል ለሞተሩ በሚስማማ መልክ የሚቀይረው ኢንቨርተር ውስጥ ኃይል ለደቂቃዎች ሊቆይ ይችላል። ጭስ ካያችሁ ወይም የማቃጠል ሽታ ከመጣ ሁሉም ሰው ይውረድ፣ ራቅ ብላችሁ እሳት አደጋ ጥሩ።

በገመድ መጎተት

ሞተሩ ያለበት ጎማ መሬት ላይ እየተሽከረከረ ከተጎተተ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ይህም ኢንቨርተሩን ሊያቃጥል ይችላል። አራቱም ጎማ ከመሬት በሚያነሳ፣ ጀርባው ጠፍጣፋ በሆነ መኪና ይጫን። እስኪመጣ ድረስ ስንት ፐርሰንት ላይ እንደቆመ፣ በምን ፍጥነት ትሄዱ እንደነበር፣ ዳገት ይሁን ሜዳ፣ መጀመሪያ የበራው ምልክት የቱ እንደሆነ ስልካችሁ ላይ ጻፉት። ባለሙያው ቀድሞ የሚጠይቃችሁ ይህንኑ ነው።