መኪናዬ በሰው ዕዳ ተያዘ፦ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ላይ በአፈጻጸም መዝገብ፣ ማለትም የተፈረደ ዕዳ ከባለዕዳው ንብረት በሚከፈልበት ጉዳይ፣ ስመላለስ ዓመታት ሄዱ። «በማላውቀው ዕዳ መኪናዬን ያዙብኝ» ብሎ ለሚመጣ ሰው፣ ሳይቀመጥ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ሊብሬው በማን ስም ነው?

የሚያናድደኝ እዚህ ላይ ነው። መኪና ይገዛሉ፣ ስም አያዛውሩም፣ በውክልና ይነዳሉ። «ወጪው በዛ፣ ሻጩ የአገሬ ልጅ ነው፣ ስሸጠው በዚያው ይዛወራል።» ውክልና በሻጩ ስም፣ ለሻጩ እንድትሠራ የሚፈቅድ ወረቀት እንጂ ባለቤት የሚያደርግ አይደለም። ሻጩ ቢሞት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ ውክልናውም አብሮ ይቀራል! አንድ የደብረ ሲና ልጅ አይሱዙውን እንዲህ ሦስት ዓመት ነዳ። ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጭኖ ሲመጣ፣ ጣርማ በር ሳይደርስ ትራፊክ አስቆመው። ሻጩ ተፈርዶበት ኖሮ መኪናው እንዲያዝ ታዟል። በእጁ ያለው ሁለት ምስክር የፈረሙበት፣ የትም ያልተረጋገጠ ውል ነው። የፍርድ ባለመብቱ፣ ማለትም ሻጩን ከስሶ ያስፈረደበት ሰው፣ ጠበቃ «ይሄ ትናንት ማታ የተጻፈ ነው» አለ። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን የምለው ይህንኑ ነው። ገንዘቡን በባንክ አስገብቶ ቢሆን ባንኩ ቀኑን ይመሰክርለት ነበር፤ በጥሬው ቆጥሮ ሰጥቷል። ሽንኩርቱ ጣቢያ ግቢ በሰበሰ።

የሕግ ቁጥር አታምታቱ። ፍርዱ ራሱ መብቴን ነካ የሚል ሰው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 358 ይቃወማል። ፍርዱን ትቶ «የተያዘው ንብረት የባለዕዳው አይደለም» የሚል ግን በ418 ነው የሚመጣው፤ ማስረዳት ያለበትም ንብረቱ በተያዘበት ቀን መብት እንደነበረው ወይም በይዞታው ሥር እንደነበረ ነው። ጀማሪ ሳለሁ በ358 አስገብቼ ሁለት ቀጠሮ አቃጥያለሁ። ደንበኛዬ አልተቆጡኝም፤ ብቻ በየቀጠሮው ከመሐል ሜዳ የሚመጡበትን ትራንስፖርት አስቡት።

ፈራጆቹ የሚሰለቹት ሌላው የፍርድ ባለመብቶች ስህተት፦ «ሲነዳው አይቻለሁ» ብሎ የሰው ባጃጅ ማስያዝ። ባለመብት ከሆናችሁ አስቀድማችሁ የመዝጋቢውን ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ማስረጃ አስቀርቡ፤ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩንም አመሳክሩ።

በባል ዕዳ መኪና ተይዞ ሚስት «ግማሹ የኔ ነው» ብላ ስትመጣ የጋብቻ ወረቀቱን ብቻ ይዛ አትምጣ። በጋብቻ ውስጥ የተገዛ መኪና በባል ስም ብቻ ቢመዘገብም የጋራ እንደሆነ ይገመታል፣ እውነት ነው። ግን ዕዳው ለትዳሩ ጥቅም የተገባ ከሆነ የእሷም ድርሻ ይነካል፤ ክርክሩ የሚሞቀው እዚያ ላይ ነው።

ሐራጅ እስኪወጣ አትጠብቁ።

በ418 የቀረበው አቤቱታ ውድቅ ሲደረግ ደግሞ ብዙዎች አልቅሰው ይሄዳሉ። ቁጥር 421 መብቱን በአዲስ ክስ የማስከበር በር ይከፍታል፤ ሽያጩ እንዲታገድ መጠየቅንም አትርሱ። የደብረ ሲናው ልጅ አሁን እዚያ ላይ ነው ያለው። ሻጩን በምስክርነት ቆጥረነዋል፤ ስልክ ግን አያነሳም።